ለውሃ ጉድጓድ የድንጋይ ናሙና ማስመርመር፦ ክፍያው ያዋጣል?

የከርሰ ምድር ውሃ ለመፈለግ የድንጋይ ናሙና ወስዶ ማዕድኑን የሚተነትን አገልግሎት የሚያዋጣው ምን እንደሚገዛ ለሚያውቅ ሰው ነው። ላቦራቶሪ «እዚህ ውሃ አለ» ሊል አይችልም። አለቱ ውሃ ያሳልፍ እንደሆነና ውሃው ምን ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ግን ይናገራል።

የባለሙያው ብቃት የሚታየው ገና ናሙና ሲያነሳ ነው። ፀሐይና ዝናብ የበላውን ቅርፊት በመዶሻ አንስቶ ያልተነካውን አለት ይወስዳል፤ የስንጥቁን ገጽ ደግሞ ለብቻው ያሽጋል። ስንጥቁ ላይ ያለው ቀይ ቡናማ የብረት ዝገት ውሃ እንደተመላለሰበት ምልክት ነው፤ ዛሬም ውሃ አለው ማለት ግን አይደለም። ባዛልት (ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጠቆር ያለ አለት) ከሆነ ቀዳዳዎቹ ባዶ መሆናቸው ይታይ። ካልሳይት ወይም ዜኦላይት የሚባሉ ማዕድናት ከሞሏቸው፣ ወንፊት የሚመስለው ድንጋይ ጠብታ ላያሳልፍ ይችላል። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲደረግበት ካልሳይት ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ ካልሳይትን የሚመስለው ዶሎማይት ካልተፈጨ እምብዛም አያወጣም።

ከሁሉም ክፍያው የሚገባው የኤክስሬይ ዲፍራክሽን ምርመራ (ማዕድናትን ኤክስሬይ በሚበትኑበት ሁኔታ የሚለይ) ነው፤ የሸክላውን ዓይነት ለይቶ ያወጣልና። ስሜክታይት የሚባለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ስንጥቁን ይደፍናል፣ የጉድጓዱንም ግድግዳ ሊንድ ይችላል። የንጥረ ነገር መጠን ብቻ የሚሰጥ ርካሽ ፓኬጅ አይበቃም፤ አሉሚኒየሙ ፌልድስፓር ከሚባለው የአለት ማዕድን ይሁን ከሸክላ አይለይም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የቁፋሮ ስብርባሪ ናሙና ነው። በየ1 ሜትሩ መሰብሰብ አለበት፤ ስብርባሪው ከታች እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ ካልታሰበ ጥልቀቱ ይዛባል። ከመጠን በላይ ከታጠበ ሸክላው አብሮ ይሄዳል። ቁፋሮው ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ ጭቃ ከተጠቀመ ደግሞ ቤንቶናይት ራሱ በአብዛኛው ስሜክታይት ስለሆነ ውጤቱን ያሳስታል፤ የጭቃውም ናሙና ለማነጻጸሪያ አብሮ ይላክ።

ፍሎራይትና ፓይራይት የሚባሉ ማዕድናት ከተገኙ ውሃው ውስጥ ፍሎራይድና መርዛማው አርሴኒክ ሊከተሉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ፍሎራይድና 0.01 ሚሊግራም አርሴኒክ ነው፤ ውሃው ከዚህ ማለፍ አለማለፉን የሚያረጋግጠው ግን የውሃው ምርመራ ብቻ ነው።

አገልግሎቱ ጉልበት የሚያገኘው ከኤሌክትሪክ ሪዚስቲቪቲ ልኬት (ምድሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚከላከል ከሚለካው) ጋር ሲጣመር ነው። ዝቅተኛ ሪዚስቲቪቲ ውሃ ያዘለ አሸዋም፣ ጨዋማ ውሃም፣ ለጉድጓድ ውሃ የማይሰጥ ሸክላም ሊሆን ይችላል፤ ሸክላውን የሚያጋልጠው ናሙናው ነው። ስለዚህ የማዕድን ዝርዝር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሪፖርት አትቀበሉ፤ የእያንዳንዱ ናሙና መገኛ፣ ጥልቀትና የስንጥቁ አቅጣጫ ይጻፍበት።