ጎልድ ሞንስተር፣ ኤስዲሲ ወይስ ጂፒኤክስ? ከጅማ ወርቅ ፍለጋ ለሚወጣ ሰው

ከጅማ ተነስተው በሚዛን አድርገው ወደ ዲማ የሚወርዱ ልጆች ሁሌም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «የትኛውን ዲቴክተር (መሬት ውስጥ ያለ ብረትና ወርቅ ሲያገኝ የሚጮኽ ማሽን) እንግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፤ የምትሄዱበት ቦታ የሚወጣው ወርቅ ዱቄት ነው ወይስ ፍሬ? ዱቄት ከሆነ ገንዘባችሁን አስቀምጡ። አሸዋ ውስጥ የተበተነ ዱቄት ወርቅ ላይ የትኛውም ማሽን አይጮኽም። እሱን የሚያወጣው አሁንም ውሃና ገበቴ ነው። ፍሬ ከሆነ ግን እንነጋገር።

ሁሌም የሚነሱት ሦስቱ ማሽኖች፣ ጎልድ ሞንስተር፣ ኤስዲሲና ጂፒኤክስ፣ የአውስትራሊያው ኩባንያ የማይንላብ ሥራ ናቸው። በዋጋ ዝቅተኛው ጎልድ ሞንስተር 1000 ነው። ክብደቱ 1.3 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ቢያወዛውዙት ክንድ አይጨርስም። በ45 ኪሎኸርዝ ፈጣን ሞገድ ስለሚሠራ ትንንሽ ፍሬ አያመልጠውም። ራሱን ከአፈሩ ጋር ያስተካክላል፤ ጀማሪ ብዙ የሚነካካው ነገር የለም። ሚስማርን ከወርቅ ለመለየትም ይሞክራል። ቻርጅ ቢያልቅ በተራ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል። መብራት በሌለበት ካምፕ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ አፈሩ ነው። ሞንስተር ሞገድ እየላከ በዚያው ቅጽበት ያዳምጣል። ስለዚህ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረትም አብሮ ይጮኽበታል። ቀይ አፈራችንን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጅማ ጓሮዬ ውስጥ የባለቤቴን ጉትቻ ቀብሬ ሞክሬዋለሁ። የማሽኑን የመስማት አቅም (ሴንሲቲቪቲ) ከፍ ሳደርገው መሬቱ ሁሉ ወርቅ የሆነ ይመስል ጮኸ። ዝቅ ሳደርገው ዝም አለ፤ ጉትቻውንም አብሮ ዘለለው።

ኤስዲሲ 2300 እና ጂፒኤክስ 6000 አሠራራቸው ሌላ ነው። ሞገዱን ልከው ያቆማሉ፤ የሚያዳምጡት ከዚያ በኋላ ነው። የአፈሩ ጩኸት በአብዛኛው ተጣርቶ ይቀራል። ሚስማርና ወርቅ ግን አይለዩም። ቀልሃ፣ ቆርቆሮ፣ የአሮጌ ጫማ ሚስማር፣ የጮኸውን ሁሉ መቆፈር ነው። ትዕግሥት የሌለው ሰው በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል።

ኤስዲሲ 2.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። እስከ 3 ሜትር ውሃ ውስጥ ቢገባ አይበላሽም። ወንዝ ዳር ለሚሠራ፣ በዚያ ላይ በእኛ አገር ክረምት፣ ይሄ ብቻውን ያስገዛዋል። የሚሠራው በ4 መካከለኛ የባትሪ ድንጋይ ነው። ጉድለቱ ኮይሉ፣ ማለትም መሬት ላይ የሚወዛወዘው ክብ ጫፉ፣ የማይቀየር አንድ ብቻ መሆኑ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ሰፊ ሜዳ ለመሸፈን ጊዜ ይፈጃል፣ በጣም ጥልቅም አይሄድም።

ጂፒኤክስ 6000 በ2021 የወጣ ነው። ክብደቱ 2.1 ኪሎ፤ ትልቅም ትንሽም ኮይል ይቀየርለታል፤ ከሦስቱ ጥልቅ የሚሄደውም እሱ ነው። ዋጋው ግን ከኤስዲሲ በብዙ ይበልጣል፤ ውሃ ውስጥም አይነከርም። ፍሬ የሚወጣበትን መሬት ቀድሞ የሚያውቅ፣ ገንዘብ ያዋጣ ቡድን ከሆነ ይግዛው። ገና መሬት ለሚያጠና ሰው አልመክርም። ለሁለት ለሦስት ሆነው ለሚጀምሩ የእኔ ምርጫ ኤስዲሲ ነው። ሞንስተርን የምመክረው አፈሩ ቀለል ላለበት፣ ፍሬውም ከላይ ለሚገኝበት ቦታ ነው።

ፎርጅዱን ግን ተጠንቀቁ። አንድ ጓደኛዬ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የገዛው የቀድሞው ሞዴል ጂፒኤክስ 5000 ነበር። ሳጥኑ፣ ጽሑፉ፣ ሁሉም ልክ ይመስላል። መሬት ላይ ሲወጣ ምስማር እንኳ በቅጡ አላገኘም። የአንድ ዓመት የቡና ገንዘቡ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል። በአንቴና ከሩቅ ወርቅ ይጠቁማል የሚባለውንማ ዋጋውን እንኳ አትጠይቁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ፈቃዱን ከክልሉ ጨርሱ። ከዚያ ሩዝ የምታህል ወርቅ በፕላስቲክ ካርድ ላይ ለጥፋችሁ ወደ ሻጩ ሂዱ። ከምትሠሩበት ቦታ አንድ ፌስታል አፈርም ያዙ። ካርዱን ከአፈሩ ስር አድርጉና ማሽኑን አስከፍቱ። ሻጩ እምቢ ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።