ኦፍላይን፣ ላይን ኢንተራክቲቭ ወይስ ኦንላይን? ለኮምፒውተር የሚሆን ዩፒኤስ አመራረጥ

ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጊዜው በባትሪ የሚያቆየውን መሣሪያ፣ ሊገዛ ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው አስቀድሞ የሚያነሳው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት ደቂቃ ይይዛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ሁለተኛ መሆን የሚገባው ይመስለኛል፤ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ኮምፒውተሩ በሚቀመጥበት ቤት ወይም ቢሮ የመብራቱ ጠባይ ምን እንደሆነ ነው። በአንዳንድ ሰፈር መብራት በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ሙሉ በሙሉ ይሄዳል፤ እስኪሄድ ድረስ ግን ኃይሉ የተስተካከለ ነው። በሌላው ሰፈር እምብዛም አይሄድም፤ ነገር ግን ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እየደከመ ይመጣና ጎረቤት የእንጀራ ምጣድ በሰካ ቁጥር አምፖሉ ደብዘዝ ይላል። ለሁለቱም ሰፈሮች አንድ ዓይነት ዩፒኤስ የሚገዛ ሰው በአንደኛው ቤት ገንዘቡን ያባክናል፣ ወይም ኮምፒውተሩን ሳይጠብቅ ይቀራል።

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር መብራት በሄደበት ቅጽበት አይጠፋም። በፓወር ሰፕላዩ (የመስመሩን ኃይል ለኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚያዘጋጀው ሣጥን) ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ያጠራቀሙት ጥቂት ኃይል ማሽኑን በሙሉ ጭነት ለ16 ሚሊሰከንድ ያህል ያቆየዋል። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት ሆኖ ሞገዱ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዱ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ የሚታገሠው ከአንድ ዙር ላነሰ ጊዜ ነው። ዩፒኤስ ባትሪውን ይዞ መድረስ ያለበት በዚህች ክፍተት ውስጥ ሲሆን፣ ሦስቱን ዓይነቶች የሚለያቸውም ከዚህች ክፍተት በፊትና በውስጧ የሚሠሩት ሥራ ነው።

ሦስቱ ዓይነቶች

ኦፍላይን የሚባለው ዓይነት መብራት እስካለ ድረስ ከሶኬቱ የሚቀበለውን ኃይል እንዳለ ወደ ኮምፒውተሩ ያሳልፋል፤ ጎን ለጎንም ባትሪውን ይሞላል። መብራት ሲሄድ ሪሌው (መስመሩን የሚቀይረው ማብሪያ) ጠቅ ይልና ኮምፒውተሩን ከመስመሩ አላቆ ወደ ኢንቨርተሩ ያዞረዋል፤ ኢንቨርተሩም የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ቮልት ይለውጣል። ይህ ሽግግር ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ስለሚወስድ፣ ጤናማ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኮምፒውተር ነገሩን ሳያውቀው ያልፋል። ዋጋው ከሦስቱ ዝቅተኛ ነው፣ አሠራሩም ቀላል ነው። ድክመቱ የሚታየው ኃይል ሲወርድ ነው፤ የሚያስተካክልበት መንገድ ስለሌለው፣ ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን በታች በሆነ ቁጥር መብራት እንደሄደ ቆጥሮ ወደ ባትሪ ይዞራል። ምሽቱን ሙሉ ኃይል በሚደክምበት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ዩፒኤስ ጠቅ ጠቅ ሲልና ሲጮህ ያመሻል፤ ባትሪው ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ጥቂት ጥቂት እየተበላ፣ መብራቱ በእርግጥ በሚሄድበት ሰዓት ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ላይን ኢንተራክቲቭ ይህንኑ ጉድለት የሚሞላ ነው። በውስጡ የተለያዩ መውጫዎች ያሉት አውቶትራንስፎርመር አለው፤ ቮልቴጁ ሲወርድ ከፍ የሚያደርገውን መውጫ፣ ሲጨምር ዝቅ የሚያደርገውን መርጦ ባትሪውን ሳይነካ ያስተካክላል። ለምሳሌ ከሶኬቱ የሚመጣው 185 ቮልት ቢሆንና ትራንስፎርመሩ 15 በመቶ ቢጨምርበት ኮምፒውተሩ 213 ቮልት ገደማ ያገኛል፤ ባትሪው ግን እንደ ሞላ ይቆያል። ማሸጊያው ላይ «ኤቪአር» ተብሎ የሚጻፈው ይህ ክፍል ነው። ወደ ባትሪ የሚዞርበት ፍጥነት ከኦፍላይኑ ጋር የሚቀራረብ ወይም ትንሽ የሚፈጥን ነው። ሲገዛ የሚታየው ዋና ቁጥር ባትሪ ሳይጠቀም የሚቀበለው የቮልቴጅ ስፋት ነው፤ ዝቅተኛው ቁጥር 140 የሆነውና 170 የሆነው ሁለት ዕቃዎች ከውጭ ሲታዩ ቢመሳሰሉም፣ ኃይል በሚደክምበት ሰፈር አገልግሎታቸው እጅግ ይራራቃል።

ኦንላይን የተባለው ከሁለቱ በመሠረቱ የተለየ ነው። ከሶኬቱ የመጣውን ኤሲ (አቅጣጫው የሚመላለስ ኃይል) አስቀድሞ ወደ ዲሲ (እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኃይል) ይለውጣል፤ ከዚያም ያንኑ ዲሲ እንደገና ወደ ንጹሕ ኤሲ ለውጦ ያወጣል፤ ይህንንም መብራት ኖረም አልኖረም ያለ ማቋረጥ ይሠራል። ባትሪው ዲሲው ጋር ስለተያያዘ መብራት ሲሄድ የሚዞር ነገር የለም፤ የሽግግሩ ጊዜ ዜሮ ነው። የጄኔሬተር ፍሪኩዌንሲ (ሞገዱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ቢዋዥቅም ኮምፒውተሩ ዘንድ አይደርስም፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን የጄኔሬተሩ ሞገድ ካልተረጋጋ አልቀበልም ብለው ባትሪያቸውን እስኪጨርሱ ሊሠሩ ይችላሉ። ለዚህ ሁሉ የሚከፈለው ዋጋ በግዢ ቀን ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ብቃቱ 90 በመቶ የሆነ ኦንላይን ዩፒኤስ 500 ዋት ሲሸከም ወደ 55 ዋት የሚጠጋውን ሙቀት አድርጎ ያወጣዋል፤ ሌት ተቀን ከሠራ በወር 40 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ማለት ነው። ፋኑም ሁልጊዜ ስለሚዞር መኝታ ቤት ውስጥ አብሮት ለሚያድር ሰው ይከብዳል።

የሻጩ ቃል ብቻ በቂ አይደለም፤ ኤቪአር ያለውን ሁሉ «ኦንላይን» ብሎ የሚሸጥ አለ። መግለጫ ወረቀቱ ላይ አይኢሲ 62040-3 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት የተሰጠ ምድብ ከተጻፈ እሱ ይታመን፤ ቪኤፍዲ ኦፍላይን፣ ቪአይ ላይን ኢንተራክቲቭ፣ ቪኤፍአይ ደግሞ እውነተኛ ኦንላይን ነው። ምድቡ ካልተጻፈ «የሽግግር ጊዜ» የሚለው መስመር ይታይ፤ ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር ካለበት ዕቃው ኦንላይን አይደለም።

ለአንድ ዴስክቶፕ፣ ለአንድ ሞኒተርና ለራውተር እኔ ያለማመንታት የምመርጠው ላይን ኢንተራክቲቩን ነው። ኦፍላይኑ የሚበቃው ኃይሉ ጨርሶ በማይዋዥቅበት ቤት ነው። ኦንላይኑ ደግሞ ሰርቨር፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ ወይም በቀን ብዙ ጊዜ ከመስመር ወደ ጄኔሬተር የሚዞር ቢሮ ላለው ሰው ተገቢ ነው። ለአንድ ኮምፒውተር ኦንላይን ሊገዙ ያሰቡ ሰዎች የዋጋውን ልዩነት ይዘው ከሁለት ዓመት በኋላ ባትሪ ለመቀየር ቢያስቀምጡት ይሻላቸዋል እላለሁ።

ሁለቱን ርካሽ ዓይነቶች በሚመለከት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በባትሪ ሲሠሩ የሚያወጡት ሞገድ ብዙውን ጊዜ ለስላሳ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ነው። ተራ ፓወር ሰፕላይ ይቀበለዋል፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመስመሩ ኃይል የሚስቡበትን መንገድ የሚያስተካክል ክፍል) ያላቸው አንዳንድ ጠንካራ ፓወር ሰፕላዮች ግን በሽግግሩ ጊዜ ኮምፒውተሩን ሊያጠፉት ይችላሉ። ኮምፒውተርዎ ለጌም ወይም ለቪዲዮ ሥራ የተገጠመ ከሆነ «ፒዩር ሳይን ዌቭ» የተባለውን፣ ማለትም በባትሪም ለስላሳ ሞገድ የሚያወጣውን፣ ላይን ኢንተራክቲቭ ይፈልጉ።

ቪኤ፣ ዋት እና ደቂቃ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቪኤ (ቮልትና አምፔር ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር) ነው፤ ኮምፒውተርዎን የሚመለከተው ግን ዋቱ፣ ማለትም በእርግጥ የሚበላው ኃይል ነው። ኤፒሲ ከተባለው አምራች ባክ-ዩፒኤስ ሞዴሎች አንዱ 650 ቪኤ ተብሎ ሲሸጥ የሚሸከመው 325 ዋት ነው፤ 1100 ቪኤ የተባለው ወንድሙ ደግሞ 550 ዋት፣ ማለትም በትክክል ግማሹን። በተቃራኒው 1000 ቪኤ የሆነ ኦንላይን 800 ወይም 900 ዋት ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ሁለት ዕቃዎችን በቪኤ ብቻ ማወዳደር ወደ ስሕተት ይመራል። ተራ የቢሮ ዴስክቶፕ ከ22 ኢንች ሞኒተር ጋር 100 ዋት አካባቢ ስለሚወስድ 325 ዋቱ ከበቂ በላይ ነው። ሌዘር ፕሪንተር ግን ቀለሙን ለማቅለጥ በሚሞቅበት ቅጽበት ብዙ መቶ ዋት፣ አንዳንዱም ከ1000 ዋት በላይ ስለሚስብ፣ በምንም ዓይነት ትንሽ ዩፒኤስ ላይ መሰካት የለበትም።

ወደ ደቂቃው ስንመጣ፣ በትንንሾቹ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ነው። ሁለቱ ሲባዙ 84 ዋት ሰዓት ስለሚሆን ባለ 100 ዋቱ ኮምፒውተር ለ50 ደቂቃ የሚሠራ ይመስላል፤ ሆኖም አይሠራም። ያ 7 የሚለው ቁጥር የተለካው ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲራገፍ ነው፤ በፍጥነት ሲራገፍ የሚሰጠው በጣም ይቀንሳል፣ ኢንቨርተሩም የራሱን ድርሻ ይወስዳል። አዲስ ባትሪ በ100 ዋት ላይ 20 ደቂቃ አካባቢ ቢሰጥ ጥሩ ነው፤ ሙሉው 325 ዋት ከተጫነበት የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ዩፒኤስ የተሠራው ሥራን አስቀምጦ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ወይም ጄኔሬተር እስኪነሳ ለመጠበቅ ነውና በዚህ ሊወቀስ አይገባም።

መብራቱ ለሰዓታት ከሆነ የሚሄደው

ግማሽ ቀን ያለ መብራት መሥራት የሚፈልግ ሰው የሚያስፈልገው ኢንቨርተርና ትልቅ ባትሪ ነው። 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ ቢጠቀሙ፣ ባለ 100 ዋቱ ኮምፒውተር 5 ሰዓት ገደማ ይሠራል። የሊቲየም አየን ፎስፌት ባትሪ በዚያው መጠን እጅግ ወደ ታች ሊራገፍ ስለሚችል የበለጠ ሰዓት ይሰጣል፤ ሲገዛ ግን ውድ ነው። ኢንቨርተሩ «የዩፒኤስ ሞድ» እንዳለው ይጠይቁ፤ በሌላኛው ሞድ የሚወስደው የሽግግር ጊዜ 20 ሚሊሰከንድ ሊደርስ ስለሚችል ኮምፒውተሩን ያጠፋዋል።

ገንዘብ ለመቆጠብ ትንሽ ዩፒኤስ ከፍቶ የመኪና ባትሪ የሚያገናኝ ሰው አጋጥሞኛል፤ ይህን ፈጽሞ አልመክርም። የትንሹ ዩፒኤስ ኢንቨርተር የተሠራው ለደቂቃዎች እንጂ ለሰዓታት እንዲሠራ አይደለም፤ በሙቀት ሊቃጠል ይችላል። የመኪና ባትሪም ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አደገኛ ነው።

ላፕቶፕ ያለው ሰው ዩፒኤሱን በውስጡ ይዞ ይዞራል፤ ለእሱ የጎደለው ኢንተርኔቱ ነው። 12 ቮልት ዲሲ የሚያወጣ ሚኒ ዩፒኤስ 10 ዋት ገደማ የሚወስደውን ራውተር ለሰዓታት ያቆይለታል፤ የራውተሩ አዳፕተር ላይ የተጻፈው ቮልቴጅ 9 ወይም 12 መሆኑን አስቀድሞ ማየት ብቻ ያስፈልጋል። ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ ብቻ የሚያስተካክለው ዕቃ) ደግሞ ባትሪ ስለሌለው የዩፒኤስ ምትክ አይሆንም።

ከሦስቱም የዩፒኤስ ዓይነቶች ፊት ለፊት ግን ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ማድረግ ይጠቅማል። የሰፈሩ መስመር ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ 220 ቮልት ይገባበት የነበረው ሶኬት ወደ 380 ቮልት ሊጠጋ ይችላልና፣ ያኔ አብዛኞቹ ትንንሽ ዩፒኤሶች ራሳቸው ይቃጠላሉ።

ባትሪውና የግዢው ቀን

አንድ ጊዜ የአንድ ቢሮ ሒሳብ ሠራተኛ ዩፒኤሷ አረንጓዴ መብራቱ እየበራ፣ መብራት በሄደበት ሰከንድ ኮምፒውተሯ አብሮ ስለጠፋ ጠርታኝ ነበር። የግማሽ ቀን ሥራዋ ጠፍቷል። ዩፒኤሱ ከጠረጴዛው ሥር፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ አቧራ እንዳይገባው በጨርቅ ተሸፍኖ ነበር። ስከፍተው ባትሪው ጎኖቹ አብጠው ከማስቀመጫው አልወጣ አለኝ፤ ቀፎውን በብሎን ፈትቼ ነው ያወጣሁት። አረንጓዴው መብራት የሚናገረው መስመር መኖሩን እንጂ የባትሪውን ጤና አልነበረም። የታሸገ የእርሳስ ባትሪ በ25 ዲግሪ አካባቢ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ግን ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ያቺ ሴት በቅን ልቦና የደረበችው ጨርቅ ባትሪውን ያለ ዕድሜው ጨርሶታል።

ስለዚህ ሊገዙ ሲሄዱ፣ በተለይ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ፣ ባለ 100 ዋት የድሮውን ዓይነት አምፖል ከነመያዣው ይዘው ይሂዱ። የብዙ ዩፒኤሶች መውጫ የግድግዳ ሶኬት ሳይሆን የኮምፒውተር ገመድ ቅርጽ ያለው በመሆኑ፣ ለዚያ የሚሆን ገመድ ሱቁ እንዳለው፣ ለሞኒተሩም ሁለተኛ ገመድ አብሮ እንደሚሰጥ ያረጋግጡ። አምፖሉን አብርተው ዩፒኤሱን ከግድግዳው ይንቀሉት። ጠቅ ብሎ መጮህ አለበት፤ አምፖሉ ግን መጥፋት የለበትም። ለ5 ደቂቃ ቆመው ይጠብቁ። ባትሪው ሞልቶ ሳለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ደቂቃ ጩኸቱ ከተጣደፈ ባትሪው አልቋል፤ ወይ ባትሪ ይቀየር፣ ወይ የባትሪው ዋጋ ከዕቃው ዋጋ ላይ ይቀነስ። አዲስ የታሸገ ዕቃ ግን መጋዘን ሲቆይ ስለሚራገፍ ሱቅ ውስጥ በደከመ ባትሪ ሊፈተን ይችላል፤ እሱን ቤት ወስደው ለ8 ሰዓት ያህል ሞልተው በዚያው አምፖል ይሞክሩት፤ መመለስ የሚቻልበትን ቀንም ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ።