መሸጥ ወይስ መጋራት? የኢንቴል ፋብሪካና የጅማ ላፕቶፕ ገዢ

«ኢንቴል ከስሯል፣ ፋብሪካውን ሊሸጥ ነው አሉ። ታዲያ ኢንቴል ልግዛ ወይስ ኤኤምዲ?» ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ላፕቶፕ ሊገዛ የሚወጣ ተማሪ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንን ሆኗል። ሁለቱም ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል የሆነውን ቺፕ፣ የሚያወጡ የአሜሪካ ኩባንያዎች ናቸው። ጥያቄው ሁለት ነው፤ አንዱ የፋብሪካው፣ ሌላው የኪሳችሁ። በፋብሪካው ላይ አቋሜን ላስቀድም። የተቸገረ ቺፕ አምራች አዲስ ፋብሪካውን ከሚሸጥ ቢጋራው ይሻለዋል።

ሰውን የሚያሳስተው የሽያጩ ዋጋ ነው። ኤኤምዲን እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በ2008 ዕዳ ሲያንቀው ፋብሪካዎቹን ለአቡ ዳቢ መንግሥት ኩባንያ ለመልቀቅ ተስማማ። በ2009 ግሎባልፋውንድሪስ የሚባለው ኩባንያ ከዚህ ተወለደ። ኤኤምዲ 700 ሚሊዮን ዶላር በእጁ ገባ፤ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳም ወረደለት። ትልቅ እፎይታ ነበር፣ አልክድም። ግን ቺፑን ከዚያው ፋብሪካ ሊገዛ ውል አስሮታል። በ2012 ከሌላ ፋብሪካ እንዲያሠራ እንዲፈቀድለት 425 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። እዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ደግሞ ሊወስድ የተዋዋለውን ያህል ስላልወሰደ 320 ሚሊዮን ተጨመረበት። ደምሩት፣ 745 ሚሊዮን። ሲሸጥ ከተቀበለው ጥሬ ገንዘብ በለጠ። በፋብሪካው ላይ ቀርታለት የነበረችውንም ድርሻ በዚያው ዓመት አስረከበ።

«ዛሬ ኤኤምዲ የት እንደደረሰ አታይም?» የሚለኝ አይጠፋም። አያለሁ። የተነሳው ግን በ2017 ራይዘን የተባለው ፕሮሰሰሩ ከመጣ በኋላ ነው። በ2015 አንድ አክሲዮኑ ከ2 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ያን ያህል ዓመት ጥርሱን ነክሶ የሚቆይ ስንቱ ነው?

የሌላው የአሜሪካ ኮምፒውተር ኩባንያ፣ የአይቢኤም፣ ይባስ። በ2014 የቺፕ ፋብሪካዎቹን ለዚሁ ለግሎባልፋውንድሪስ ለማስረከብ ሲስማማ 1.5 ቢሊዮን ዶላር የሚከፍለው ራሱ አይቢኤም ሆነ። ሻጩ ከፋይ! በኋላ ደግሞ ሁለቱ ፍርድ ቤት ተካሰሱ።

አሁን ወደ መጋራት። ኢንቴል በ2024 ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ኪሳራ አሳይቷል። በዚያው ዓመት አየርላንድ ሊክስሊፕ ካለው ፋብ 34 ከተባለው ፋብሪካው 49 በመቶውን በ11 ቢሊዮን ዶላር አፖሎ ለተባለ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ሰጠ። 51 በመቶው፣ ማለትም አዛዥነቱ፣ እጁ ላይ ቀረ። ነፃ ገንዘብ አልነበረም። ኢንቴል ከፋብሪካው የተወሰነ መጠን ሊገዛ ግዴታ ገባ፤ ሸሪኩም ድርሻውን ሊቆርጥ ተዋዋለ። ግን የቡና ማሳውን ለእኩል የሰጠ የጅማ ገበሬ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ምርቱን ይካፈላል እንጂ መሬቱ አይሄድበትም።

ሸሪክ ያስቸግራል፣ ይህም እውነት ነው። የጃፓኑ ቶሺባ ከአሜሪካው ሳንዲስክ ጋር ዮካይቺ ላይ የሜሞሪ ፋብሪካ ይጋራ ነበር። በአሜሪካው የኑክሌር ኩባንያው በዌስቲንግሃውስ ምክንያት ሲከስር የሜሞሪ ሥራውን ለመሸጥ ተነሳ። ያኔ ሳንዲስክን የገዛው ዌስተርን ዲጂታል በ2017 «ያለ እኔ ፈቃድ አትሸጥም» ብሎ ክርክር ከፈተበት። ሽያጩ በ2018 በ2 ትሪሊዮን የን አለቀ። የተሸጠው ድርጅት በ2019 ስሙን ኪዮክሲያ አለ። ልብ በሉ፣ ቶሺባ አብላጫውን ድርሻ ለቀቀ፤ ፋብሪካውን መጋራቱ ግን ቀጠለ።

ይህ ስም መቀየር እኛ ጋ ምን እንዳመጣ ልንገራችሁ። አንድ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ይዞኝ ሄደ። ስንከፍተው ኪዮክሲያ የተጻፈበት ኤስኤስዲ (የፋይል ማከማቻው) አገኘን። «ፎርጅድ ነው» ብሎ ጥሎት ሊሄድ! ኦርጅናል ነበር። ፎርጅዱ የታወቀውን የድሮ ስም ለብሶ መንገድ ላይ የሚቸረቸረው «2 ቴራባይት» ፍላሽ ነው። ውስጡ ትንሽ ሜሞሪ ብቻ አለው፤ መቆጣጠሪያ ቺፑ መጠኑን እንዲዋሽ ተደርጓል። ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል። የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በዚህ የበሉ ልጆች መጥተውብኛል። የጠፋው አይመለስም። ዋጋው ከሚገባው በጣም ካነሰ እጃችሁን ሰብስቡ።

ወደ ላፕቶፑ። ኢንቴል ፋብሪካውን ሸጠ አልሸጠ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ፕሮሰሰር አይሞትም። እኔ ጅማ ላይ ያገለገለ ለሚገዛ የምመርጠው ኢንቴል ነው። ምክንያቱ ጥገና ነው። በአዲሶቹ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ላይ ተበይዶ ስለሚመጣ ሲበላሽ የሚቀየረው ቦርዱ ነው። ለኢንቴል ከሞተ ላፕቶፕ የተፈታ ቦርድ እዚሁ ይገኛል። የኤኤምዲ ሲሆን ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ደውሎ፣ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አስጭኖ መጠበቅ ነው። ብር በሐምሌ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ከመቶ በላይ ስለወጣ ደግሞ የዕቃ ዋጋ አልተቀመሰም። ቦርድ ሲቀየር ከላፕቶፑ ግማሽ ዋጋ የሚጠጋበት ጊዜ አለ።

ኤኤምዲው ከኢንቴሉ የረከሰበት ልዩነት የቦርድ መቀየሪያ ዋጋን ከበለጠ ውሰዱት፤ ፍጥነቱ አያሳፍራችሁም። ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ጀነሬሽን (የፕሮሰሰሩ ትውልድ) በታች አትውረዱ፣ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም። ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2025 ድጋፉ ቆሟል። ሻጩ «አይ 7 ነው» እያለ 4ኛ ጀነሬሽን ቢያቀርብላችሁ 8ኛ ጀነሬሽን አይ 5 ይሻላል። ገንዘብ ከመቁጠራችሁ በፊት የኋላ ክዳኑን አስከፍቱ። ኤስኤስዲው ላይ የተጻፈውን መጠን ኮምፒውተሩ ከሚያሳየው ጋር አስተያዩ፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁም ግማሽ ሰዓት አሠሩት። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሞልቷል።