ፍርሃት ወደ ስስት ሲለወጥ፦ «ዘ ላስት ኦፍ አስ»ን ከእህቴ ጋር ተጫውተን

ኖቲ ዶግ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ለፕሌይስቴሽን 3፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 4 ያወጣውን «ዘ ላስት ኦፍ አስ» የተሰኘ የቪዲዮ ጨዋታ ድሬዳዋ ውስጥ ያገኘሁት ያገለገለ ዲስክ ገዝቼ ሲሆን፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ከታናሽ እህቴ ጋር ማታ ማታ እየተቀመጥን ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብናል። አስፈሪ ጨዋታዎችን ከዚህ በፊትም ሞክሬያለሁ፤ አብዛኞቹ ያስደነግጣሉ፣ ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ግን ድንጋጤውም አብሮ ይጠፋል። ይህኛው በማግስቱ ምሳ ላይ ሳይቀር ያነጋግረን ነበር። ምክንያቱን ሳስብ የሚመጣልኝ ቃል ፍርሃት ሳይሆን ስስት ነው፤ እናቶች «እሳሳልሃለሁ» ሲሉ የሚናገሩትን፣ የሚወዱትን ሰው እንዳያጡ መንሰፍሰፍን ማለቴ ነው። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለምጠቅስ ያልተጫወተ ሰው ይህን አውቆ ያንብብ።

ታሪኩ የሚጀምረው በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ፣ በአንድ ሌሊት ነው። ተጫዋቹ መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው የታጠቀ ጀግና ሳይሆን ሳራ የተባለች ታዳጊን ነው፤ ለአባቷ ለጆኤል የልደት ስጦታ የእጅ ሰዓት ሰጥታው ተኝታ፣ በስልክ ጥሪ ነቅታ፣ በጨለማው ቤት አባቷን ትፈልጋለች። አንጎልን የሚቆጣጠር ፈንገስ ሰዎችን አውሬ እያደረገ መሆኑን የምናውቀው ከእሷ ጋር ነው። ጥቂት ቆይቶ እግሯ ይጎዳና ተጫዋቹ ጆኤልን ይሆናል። ደራሲዎቹን ያደነቅኩት እዚህ ላይ ነው፦ ሁለቱም እጆቹ ልጁን ስለታቀፉ ጆኤል መተኮስም መማታትም አይችልም፤ ለተጫዋቹ የቀረለት መሮጥ ብቻ ነው። እህቴ ክንዴን ጨምድዳ ይዛ «አቦ ፍጠን! አቦ እንዳትጥላት!» ትል ነበር። ሳራን የሚገድላት ግን አውሬ ሳይሆን ትእዛዝ የተቀበለ ወታደር ነው።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የነበሩ ጎረቤቶቻችን ስለዚያ ሌሊት ሲናገሩ የውኃውን ከፍታ እምብዛም አያነሡም፤ የሚያወሩት ማን ማንን አዝሎ እንደወጣ፣ የማን እጅ ከማን እጅ እንዳመለጠ ነው። የዚህ ጨዋታ ደራሲዎችም ይህ በሚገባ የገባቸው ይመስለኛል።

ከ20 ዓመት በኋላ ጆኤል ያንኑ ሰዓት፣ ቆሞም ተሰብሮም፣ እጁ ላይ እንዳሰረው ነው፤ ስለ ሰዓቱም ሆነ ስለ ሳራ መናገር አይፈልግም። ፈንገሱ የማይጎዳትን የ14 ዓመቷን ኤሊን አሜሪካን አቋርጦ እንዲያደርስ ሲሰጠውም እንደ ዕቃ ነው የተቀበላት። የሚቀራረቡት በትልልቅ ንግግር ሳይሆን በመንገድ ላይ ነው፦ ፉጨት ትለማመዳለች፣ ከቀልድ መጽሐፍ ታነብለታለች፣ እሱም ቀስ በቀስ መልስ መስጠት ይጀምራል። ስስቱ በጨዋታው አሠራር ውስጥም ገብቷል። ጥይት ጥቂት ነው፤ በአንድ ቁራጭ ጨርቅና በትንሽ አልኮል ወይ የቁስል ማሰሪያ ወይ ተቀጣጣይ ጠርሙስ መሥራት ይቻላል፣ ሁለቱንም ግን አይደለም፤ ሲሠራም ጊዜው አይቆምም። ፈንገሱ ዓይናቸውን ስለሸፈነባቸው ጠቅ ጠቅ በሚል ድምፅ አካባቢያቸውን የሚለዩት ክሊከሮች አጠገብ ሳለን አንድ ማታ መብራት ሄደ፤ ቬንትሌተሩም ቆሞ፣ በዚያ ሙቀት ውስጥ ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ሳንተነፍስ ቆየን።

ጉድለት የለውም አልልም። ኤሊ ዋና ስለማትችል እሷን በጣውላ ላይ አሳፍሮ ማሻገር፣ መሰላል ፈልጎ ማቆም፣ ደግሞም ያንኑ መድገም ያሰለቻል፤ አንዳንዱ የተኩስ ውጊያም ታሪኩ ከሚፈልገው በላይ ይረዝማል። በአማርኛ ጽሑፍ አልተዘጋጀምና ንግግሩን ለእህቴ እየተረጎምኩ መጫወት ነበረብኝ። ሆኖም ጆኤልንና ኤሊን የሚጫወቱት የትሮይ ቤከርና የአሽሊ ጆንሰን ድምፅ፣ የሙዚቃ ደራሲው የጉስታቮ ሳንታኦላላም ጊታር፣ ትርጉም ሳልጨርስላት የሚያስለቅሷት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካው ቴሌቪዥን ኤችቢኦ የቀረበው ተከታታይ ድራማም በጥሩ ሁኔታ ተሠርቷል፤ በሩን የሚከፍተው የራሳችን እጅ አለመሆኑ ግን ለእኔ ልዩነት አለው።

ወደ መጨረሻው፣ በክፉ ክረምት ካለፉ በኋላ፣ ኤሊ በሶልት ሌክ ሲቲ ፍርስራሽ መካከል ቀጭኔ ታገኛለች። ተጫዋቹ ተነሥ ካላላቸው በስተቀር ሁለቱ ቀጭኔዎቹን እያዩ እንደቆሙ ይቆያሉ፤ እኛም ብዙ ቆየን። ከዚያ ሆስፒታሉ ይመጣል። ክትባት ለመሥራት ኤሊ መሞት እንዳለባት ሲነገረው ጆኤል በሆስፒታሉ ያገዱትን ገድሎ ኤሊን ይወስዳታል፤ ልክ እንደ ሳራ ታቅፏት፣ እጆቹ ሞልተው ይሮጣል። በአማርኛ ስስት የሚሳሳ ልብንም ንፍገትንም ይይዛል፤ የጆኤልን ድርጊት ሁለቱን ሳልለይ የምጠራበት ሌላ ቃል የለኝም። ስትነቃ ይዋሻታል። እህቴ «እሷን ማን ጠየቃት?» ብላ ተነሥታ ወጣች።

በሳምንቱ ዲስኩን ራሷ ከፍታ እንደገና ጀመረች። ሳራ ስትነቃ ክፍሏ ውስጥ ለአባቷ መስጠት የረሳችው የልደት ካርድ አለ። እህቴ ካርዱን አንሥታ አየችው፤ ወደ በሩ ሄዳም ተመለሰች። ለምን እንደማትወጣ ስጠይቃት «አቦ ትንሽ ትቆይ» አለችኝ።