አቫሎን፦ ለኋላ ተቀማጭ የተሠራ መኪና

ቶዮታ አቫሎንን አሜሪካ ውስጥ ማምረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። እኔ የምነዳው የ2008ቱን ነው። ትልቁ በረከቱ የኋላ ወንበሩ ነው፤ ወለሉ ጠፍጣፋ ሊባል ጥቂት ስለቀረው መሃል የሚቀመጠው ሰው ጉልበቱን አያቅፍም፤ መደገፊያውም ጋደም ይላል። እናቴ ከፊት ብንጋብዛት እሺ አትልም። ባለ 3.5 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር ሞተር፣ ስስ የሆነው የአዲስ አበባ አየር ጉልበቱን ቢቀንሰውም፣ አምስት ሰው ጭኖ የቸርችልን ዳገት እስከ ፒያሳ ሳያጉረመርም ይወጣዋል።

ቤንዚኑን ግን አይጠይቁኝ! በተለይ አራት ኪሎ መብራት ላይ ቆሞ ሲጠጣ ያናድዳል። አምስት ሜትር የሚሆነው ርዝመቱ ጠባብ ማቆሚያ አይወድም፤ ሆዱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉብታ ላይ በሰያፍ ካልወጡ ይፋቃል። መሪው እጅግ ልስልስ ነው፤ መንዳት የሚወድ ወጣት ይሰለቸዋል። ሞተሩ ከባለ ስድስት ሲሊንደሩ ቶዮታ ካምሪ ጋር አንድ በመሆኑ መካኒክ አይደናገርም፤ የፊት መብራት ከተሰበረ ግን የካምሪው አይገጥምለትም።