ለታዳጊ ተጫዋቾች የሚሸጠውን «የጉልበት ፓኬጅ» ከመግዛታችሁ በፊት

በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በዙሪያቸው ባሉ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለምትኖሩ፣ በተለይም ልጆቻችሁን ወደ ታዳጊ ፕሮጀክት ልምምድ ለምትልኩ ወላጆች ይህን የምጽፈው፣ ሰሞኑን በየሜዳው ዳርና በቴሌግራም እየተሸጠ ያለውን «የሦስት ወር የጉልበት ፓኬጅ» እኔ ራሴ ገዝቼ ከተጎዳሁ በኋላ ነው። ዋጋው 14,500 ብር ሲሆን 7,000ውን በቴሌብር ቀድሜ ከፍያለሁ፤ ደረሰኝ አልተሰጠኝም፣ ገንዘቡም እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም። ከገንዘቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ግን በካርቶኑ ውስጥ ያገኘሁት ነገር ነው።

ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ክብደቱም 48 ኪሎ ነው። ሻጩ ወደ ሜዳ የመጣው ከምክትል አሰልጣኙ ጋር ነበር፤ ያታለለኝም ይኸው ነው፤ ልጁን ለአሰልጣኝ አምኖ የሰጠ ወላጅ ከአሰልጣኙ አጠገብ የቆመውን ሰው ማንነት አይጠይቅምና። «ልጅዎ ኳስ ይችላል፤ የጎደለው ጉልበት ብቻ ነው። መልማዮች ሲመጡ መጀመሪያ የሚያዩት ቁመናውን ነው» አለኝ። ንግግሩን አደገኛ ያደረገው ከፊሉ እውነት መሆኑ ነው። በዚህ ዕድሜ ቀድሞ የጎረመሰ ልጅ ገና ያልጎረመሰውን በትከሻው ገፍቶ ኳሱን ይነጥቀዋል፤ አባትም ያንን ከዳር ሆኖ ሲያይ ኪሱን መዳበስ ይጀምራል።

የካርቶኑን አብዛኛውን ቦታ የያዘው «ማስ ጌይነር» (ክብደት ጨማሪ) የተባለው የሦስት ኪሎ ዱቄት ነው። ሻጩ «ንጹሕ ፕሮቲን ነው» ቢለኝም፣ የይዘት ዝርዝር የሚጻፈው ከብዙው ወደ ጥቂቱ በመሆኑ በጣሳው ጀርባ ላይ ቀድሞ የተጻፈውን አነበብኩ፤ ማልቶዴክስትሪን ይላል፤ ይህም ከበቆሎና ከመሳሰሉት ስታርች የሚሠራ፣ በሰውነት ውስጥ እንደ ስኳር በፍጥነት የሚፈጭ ዱቄት ነው። መለያው በቀን 330 ግራም እንዲወሰድ ያዛል። ሦስት ኪሎ ለ330 ግራም ሲካፈል ዘጠኝ ቀን ይመጣል፤ የሦስት ወር የተባለው ፓኬጅ በአሥረኛው ቀን ባዶ ጣሳ ነው ማለት ነው። ጉልበት ሰጪ ዱቄት ከተፈለገ ቤት ውስጥ ተቆልቶ የተፈጨ የገብስ በሶ ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ ያውም ማን እንዳዘጋጀው እናውቃለን።

ኳስ ለሚጫወት ታዳጊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን በቂ ተደርጎ ይወሰዳል፤ ለልጄ ይህ ከ58 እስከ 77 ግራም ገደማ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ ግማሽ ሊትር ወተት 16 ግራም፣ መቶ ግራም ያልበሰለ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አላቸው። እንቁላሉ ሁለት ከሆነ ድምሩ 52 ግራም ይደርሳል፤ እንጀራውና ሽሮው ገና አልተቆጠሩም። ለሁሉም ቤት ወተትና እንቁላል በየቀኑ ይገኛል እያልኩ አይደለም፤ ነገር ግን 14,500 ብር ማውጣት የሚችል ቤት እነዚህን መግዛት አያቅተውም። በነገራችን ላይ፣ ለአንዲት ጎረቤቴ ይኸው ዱቄት «ለጾም የሚሆን» ተብሎ ተሽጦላታል። በዝርዝሩ ውስጥ የተጻፈው ዌይ ፕሮቲን ግን ወተት ረግቶ አይብ ሲወጣለት ከሚቀረው አጓት የሚሠራ ነው።

በካርቶኑ ውስጥ ስለነበረው ክሬቲን፣ ማለትም ጡንቻ ፈጣን ጉልበት እንዲያገኝ ስለሚወሰደው ንጥረ ነገር፣ ሚዛናዊ መሆን እፈልጋለሁ፤ መርዝ ነው የሚሉትም ተሳስተዋል። በስፖርት የተከለከለ አይደለም፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚወስድ አዋቂ ስፖርተኛ በተደጋጋሚ አጫጭር ሩጫዎች ላይ መጠነኛ ጥቅም እንደሚያገኝ በብዙ ጥናት ታይቷል። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ክብደት በአብዛኛው ውኃ ነው፤ ጥናቶቹም በብዛት የተሠሩት በአዋቂዎች ላይ በመሆኑ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ታዳጊዎች እንዲወስዱት አይመክርም። እንቅልፉን ያልጠገበ፣ ቁርሱን ሳይበላ ወደ ሜዳ የሚሮጥ ልጅ ከክሬቲን በፊት የሚያስፈልገው ብዙ ነገር አለ።

ከልምምድ በፊት በውኃ በጥብጠው የሚጠጡት ቀይ ዱቄት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በመለያው ላይ አንድ ማንኪያ 300 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳለው ተጽፏል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ለልጆችና ለታዳጊዎች ሥጋት የለውም ያለው የቀን መጠን ለአንድ ኪሎ ክብደት 3 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ይህ ለ48 ኪሎ ልጅ 144 ሚሊ ግራም ነው። አንዷ ማንኪያ ከእጥፍ በላይ መሆኗ ነው። እኛ ቡና ሲፈላ ለልጅ አቦሉን ከልክለን፣ ቢበዛ በረካውን የምናቀምስ ሰዎች ነን፤ ይህን ግን ፍራፍሬ ፍራፍሬ ስለሚል ብቻ በደስታ እንሰጣለን። የጎረቤቴ ልጅ በሁለተኛው ቀን ልቡ እየመታ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛም።

በመለያ ላይ የተጻፈው እንኳ ሁልጊዜ የሚታመን አይደለም። በጀርመን የኮሎኝ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 እና በ2001 ከ13 አገሮች የተገዙ 634 ሰፕሊመንቶችን (እንደ እነዚህ ዱቄቶች ያሉ የምግብ ማሟያዎችን) መርምረው፣ 14.8 በመቶ በሚሆኑት ውስጥ በመለያው ያልተጻፉ የስቴሮይድ ሆርሞን ውሁዶች አግኝተዋል። የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕግ ደግሞ በስፖርተኛው ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂ የሚያደርገው ስፖርተኛውን ራሱን ነው እንጂ ሻጩን አይደለም። ተከላካዩ ኮሎ ቱሬ በማንቸስተር ሲቲ ሳለ የባለቤቱን የክብደት መቀነሻ ኪኒን በመውሰዱ እ.ኤ.አ. በ2011 ስድስት ወር ታግዷል። የሊቨርፑሉ ተከላካይ ማማዱ ሳኮ እ.ኤ.አ. በ2016 ስብ ለማቅለጥ በወሰደው ሰፕሊመንት ምክንያት ክለቡ ከሴቪያ ጋር ያደረገው የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ አምልጦታል፤ ኋላ ላይ ንጥረ ነገሩ በተከለከሉት ዝርዝር ውስጥ አለመስፈሩ ተረጋግጦ ክሱ ቢዘጋም ፍጻሜው አልተደገመለትም። ፈረንሳዊው አማካይ ፖል ፖግባም እ.ኤ.አ. በ2024 የአራት ዓመት እገዳ ተጥሎበት፣ በይግባኝ ወደ 18 ወር የተቀነሰለት ሰፕሊመንት መውሰዱን ተናግሮ ነው። እነዚህ ሰዎች የክለብ ሐኪምና ጠበቃ ነበራቸው። ሻጩ «የሰፈር ልጅን ማን ይመረምረዋል» ብሎ ይመልሳል፤ ነገር ግን ጉልበቱን የምንመኘው ልጁ ከሰፈር እንዲወጣ አይደለምን?

ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነገር ነው። በካርቶኑ ጥግ፣ በወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ ታብሌቶች ነበሩ። ሻጩ «የምግብ ፍላጎት መክፈቻ» ብሏቸዋል። ማሸጊያቸው በመቀስ ተቆራርጦ ስማቸው ጎዶሎ ስለነበር ለሰፈራችን ፋርማሲ ባለሙያ አሳየኋት፤ የቀሩትን ፊደላት አገጣጥማ ዴክሳሜታሶን መሆኑን ነገረችኝ። ይህ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ብርቱ መድኃኒት ነው። ፊትን ያስነፋል፣ ክብደትም ይጨምራል፤ የሚጨምረው ግን ውኃና ስብ እንጂ ጡንቻ አይደለም። ሲቆይም ጡንቻን ያሟሽሻል፣ አጥንትን ያሳሳል፣ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማል፤ በማደግ ላይ ያለን ልጅ ደግሞ ቁመቱን ይገታዋል። በአፍ ሲወሰድ በውድድር ወቅት የተከለከለም ነው። ቁመናው እንዲታይለት ብዬ የገዛሁት ነገር ቁመቱን የሚያስቀርበት ነበር።

ገንዘቤን ስጠይቅ ሻጩ መጀመሪያ «የተከፈተ ጣሳ አይመለስም» አለኝ፣ ቀጥሎ በቴሌግራም ዘጋኝ፤ ምክትል አሰልጣኙም ሰውየውን እንደማያውቀው ይናገራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠናል፤ ነገር ግን ያለ ደረሰኝ፣ የሱቅ አድራሻ ከሌለው ሰው የገዛ ሸማች መብቱን የሚያስከብርበት ማስረጃ በእጁ የለም። ስለዚህ ደረሰኝ የማይቆርጥን፣ ዕቃው በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለመመዝገቡ ሲጠየቅ ወሬ የሚቀይርን ሰው እዚያው ሜዳ ላይ አሰናብቱት።

ታብሌቶቹን አስቀድማችሁ መስጠት የጀመራችሁ ካላችሁ ግን፣ ይህን አንብባችሁ ዛሬውኑ ወደ ቆሻሻ እንዳትጥሏቸው። ለሳምንታት ሲወሰድ የቆየ ዴክሳሜታሶን በድንገት ከተቋረጠ ሰውነት የራሱን ሆርሞን ወዲያው ማምረት ሊያቅተው፣ ልጁም ከባድ ድካም፣ ማስመለስና የደም ግፊት መውረድ ሊያጋጥመው ይችላል። ልጁንና የቀሩትን ታብሌቶች ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ መቼ እንደጀመረና በቀን ስንት እንደወሰደ ለሐኪሙ ሳትደብቁ ንገሩት፤ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚያስቆመው እሱ ነው።