ከዝናብ የተጠበቀልኝ «ውሃ የማይገባው» ኮምፔንሳቶ

ልብሴ ላይ ያለው ሰጋቱራ ገና አልረገፈም፤ ንዴቴም እንደዚያው። ጅማ ውስጥ እንጨት የገዛ ሁሉ እንዲህ ያለውን ነጋዴ ስለሚያውቀው ስም መጥራት አያስፈልግም። በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ጥያቄያችሁን ሳትጨርሱ «አለ» የሚላችሁ ዓይነት ነው። ዋንዛ? አለ። ዝግባ? አለ። ለጀልባ የሚሆን ኮምፔንሳቶ? «እሱማ ሞልቶ!»

አዎ፣ ጀልባ። ግቢዬ ውስጥ ትንሽ የእንጨት ጀልባ እየሠራሁ ነው። ርዝመቷ ከአንድ ፍሬ ኮምፔንሳቶ አያልፍም፤ 2.44 ሜትር ናት። አሠራሯ እንደ ልብስ ስፌት ነው፤ ጎኖቹ ይቆረጡና ጠርዝ ለጠርዝ በመዳብ ሽቦ ይሰፋሉ፤ ከዚያ ኢፖክሲ በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያና በፋይበር ግላስ ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1963 እንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበችው ሚረር የተባለች ጀልባ ሙያ የሌለው ሰው በቤቱ እንዲሠራት ታስባ በዚሁ ዘዴ የተነደፈች ነበረች። አናጺ ያልሆነ ሰው ከደፈረ እኔስ ብዬ ገባሁበት።

ስፌቱ ምንም ቢያምር ግን ዋናው እንጨቱ ነው። ለጀልባ የሚሆነው ኮምፔንሳቶ ንብርብሩ የተጣበቀበት ኮላ ቢቀቀል የማይለቅ፣ መሃሉም ባዶ ቦታ የሌለው ነው፤ ቢ ኤስ 1088 የሚባለው ደረጃም የወጣለት ለዚህ ነው። ለቁም ሳጥን ጀርባ የሚሆነው ተራው ከላይ ሲያዩት ግን መንታው ነው።

ሞኝ ላለመባል «ቁራጭ ስጠኝና ልፈትነው» አልኩት። ሳያቅማማ ከአንዱ ፍሬ ጥግ ላይ በመጋዝ ቆርጦ ሰጠኝ። ቤት ወስጄ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀቀልኩት፤ ባለቤቴ «ከሰሉን በእንጨት ወጥ ጨረስከው» እያለች። አልላላም፣ አልተላጠም። በማግስቱ የሦስት ፍሬ ዋጋ ይዤ ሮጥኩ፤ ከተራው እጥፍ ነው።

ብሩን ቆጥሮ መሳቢያው ውስጥ ከተተና «ቡና ሳትጠጣ አትሄድም» አለኝ። ጅማ ላይ ቡና እንቢ የሚል ማን ነው? ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ወደ መጋዘኑ ነበር፤ አሁን ሳስበው በርጩማውን እንዲያ አዙሮ ያስቀመጠልኝ ራሱ ነው። ከኋላዬ ልጆቹ እንጨት ሲጎትቱ ይሰማኛል። ሁለተኛውን ስኒ ስጨርስ ዕቃዬ ጋሪ ላይ ተጭኖ፣ በሰማያዊ ሸራ ተጠቅልሎ፣ በገመድ ተጠፍሯል። ካፊያ ጀምሯል። ሰውየው የሸራውን ጫፍ በገዛ እጁ ወደ ውስጥ እያጠፈ «ዝናብ እንዳይነካብህ» አለኝ።

እስቲ ፍረዱኝ። ውሃ አይገባውም ተብዬ እጥፍ የከፈልኩበትን እንጨት ከካፊያ ይጠብቅልኛል፤ እኔ ደግሞ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አሳቢ ሰው ነህ» ብዬ እጁን ጨበጥኩት። ከብሩ ይልቅ የሚያንገበግበኝ ይህ ምስጋናዬ ነው። አንድ ክንድ ያህል ሸራ ብገልጥ ጥጉ የተቆረጠው ፍሬ ከውስጡ እንደሌለ አይ ነበር።

አንደኛውን ቆርጬ ከጨረስኩ በኋላ ትርፍራፊው ግቢ ውስጥ አደረ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ስወጣ እንደ አሮጌ መጽሐፍ ተገላልጦ ጠበቀኝ። ያቺ የተቀቀለችው ቁራጭ ግን አጠገቡ ባልዲ ውስጥ ተነክራ ምንም አልሆነችም።

የተገለጠውን ተሸክሜ ተመለስኩ። ሰውየው «የለም» ተባለ፤ ሳሉ ግን ከመጋረጃው ጀርባ ይሰማኛል። ሠራተኛው ደረሰኜን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «ጋሼ፣ ይህ የሚለው ኮምፔንሳቶ ሦስት ነው። ውሃ የሚል ቃል እስቲ ያሳዩኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። አላነበብኩትም፤ ቡና ላይ ነበርኩ። ቀጥሎ ወደ ጫኞቹ ዞረና «ጀልባ ነው አሉ! አዌቱ ወንዝን ሊሻገሩበት ይሆናል» ሲል ሁሉም ሣቁ። አንዱማ ቁጭ ብሎ መቅዘፍ ጀመረ።

ወዳጆቼ «ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ፣ ተጠንቀቅ» እያሉ ነበር የከረሙት። ስለ እንጨት ነጋዴ ያስጠነቀቀኝ የለም።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ቁራጭ በወሰዳችሁበት ፍሬ ላይ በእስክሪብቶ ፈርሙበት፤ የሌሎቹንም ጠርዝ ሲጫኑ ቆማችሁ እዩ። ደረሰኙ ላይ ዓይነቱ ይጻፍ። ቡናውን ቤታችሁ ጠጡ።

ያልተቆረጡ ሁለት ፍሬዎች እጄ ላይ አሉ። ለመሳቢያ ወይም ለቁም ሳጥን ጀርባ የሚፈልግ ካለ በተራው ዋጋ እሰጣለሁ፤ ውሃ አይችሉም።